የሚያጋድለው ባቡርና የአያ ሲሳይ ማሳ

«ባቡሩ ያጋድላል አልሽኝ፤ የተደፋሁት ግን እኔ ነኝ።»

አያ ሲሳይ ይህን ያሉኝ ፊት ለፊት፣ ወረታ ገበያ መሃል ነው። እሳቸው የበሬ ገመድ ገዝተው ሲመለሱ፣ እኔ ቁጢጥ ብዬ ሽንኩርት ስመርጥ ተገናኘን። ሻጪዋ እጇን አቁማ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን አየች። ገመዱን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው በበግ ተራ በኩል ሄዱ። እኔም ሽንኩርቱን ሳልገዛ ተነሣሁ።

ያን ቀን ገና የቅየሳ ሠራተኛ ነበርኩ። ዛሬ አይደለሁም። ዛሬ ወረታ አንድ የሩዝ መፈልፈያ ቤት ውስጥ፣ ከማሽኑ ጎን ቆሜ እውላለሁ። ጓደኞቼ «ጡረተኛዋ» እያሉ ይቀልዱብኛል። ጡረታማ ስልሳ ለሞላው ነው፤ እኔ የወጣሁት በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ሥራው ግን ሥራ ነበር። ሰባት ዓመት ፀሐይ ላይ ዘንግ ይዤ ቆሜያለሁ፤ ያነሰ የመሰለው ካለ አንድ ቀን ቆሞ ይሞክረው። ሰው ስለ አያ ሲሳይ ማሳ በየበኩሉ ሲያወራ እሰማለሁ። ከሌላ ከሚሰማ ከእኔው ይሰማ ብዬ ነው የምጽፈው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ አልነበረም። አላለቀስኩም፤ ያለቀሰችው እናቴ ናት። እኔ ተቀምጬ መዋል አይሆንልኝም። በሳምንቱ ወደ ይፋግ በኩል ለሚሠራ የጠጠር መንገድ ሰው ይፈለጋል ሲባል ሰምቼ ሄድኩ። ቀጣሪው ከላይ እስከ ታች አየኝና «ዘንግ መያዝ ትችያለሽ?» አለኝ።

«ዘንግ ምንድን ነው?»

«ቀጥ ብሎ መቆም ነው።»

«እሱንማ እችላለሁ» አልኩት። ተቀጠርኩ።

ዘንጉ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ቀይና ነጭ የተቀባ ብረት ነው። ጫፉ ላይ መስታወት ይታሰራል። ቀያሹ ሩቅ ቆሞ በመሣሪያው መስታወቱን ያያል፤ መሣሪያው ርቀቱንና ከፍታውን ይነግረዋል። የእኔ ሥራ ዘንጉን ማቆም ነው። ዘንጉ ላይ ውሃ ያለባት ትንሽ ክብ ብልቃጥ አለች፤ በውስጧ አንዲት አረፋ ትንሳፈፋለች። አረፋዋ ከመሃል ከወጣች ዘንጉ አጋድሏል፤ ዘንጉ ካጋደለ ቁጥሩ ይዋሻል። ነፋስ አለ፣ ዝንብ አለ፣ ክንድ ይዝላል። እኔ መጀመሪያ ሰሞን አረፋዋን ለመያዝ ትንፋሼን እይዝ ነበር። በኋላ የገባኝ ግን ዘንግ የሚቆመው በእጅ ሳይሆን በእግር መሆኑ ነው። እግርን ከፈት አድርጎ፣ ጉልበትን ላላ አድርጎ መቆም። እጅማ ዘንጉን ይነካዋል እንጂ አይጨብጠውም።

የይፋጉ አለቃዬ ከመኪና የማይወርድ ሰው ነበር። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ በጣቱ «እዚያ! ኧረ እዚያ!» ይላል፤ እዚያ የት እንደሆነ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ከእሱ ይልቅ ከላሞቹ ብዙ ተማርኩ። የፎገራ ላም ችካል አይታ አታልፍም፤ መጥታ ትታከክበታለች። ጠዋት የተከልነውን ከሰዓት ስንመለስ ተጋድሞ እናገኘዋለን። ስለዚህ ችካል ስመታ አናቱ ከሣሩ በታች እስኪውል እመታዋለሁ፤ በላዩም እሾህ እጥልበታለሁ። ይህን ማንም አላስተማረኝም።

ሁለተኛው ጣቢያዬ ወንዛዬ ነበር፤ ከፍል ውሃው ወዲህ ቧንቧ ሊዘረጋ ይለካ ነበር። በሦስተኛው ቀን አለቃው «አንቺ ሴት ነሽ፤ ወጡን ብትይዥልን» አለኝ።

«ዘንጉን ማን ይይዛል?»

«እሱን እኛ እናየዋለን።»

«እንግዲያው ወጡንም እናንተው እዩት» አልኩት።

ኮንትራቱ ሲያልቅ አልታደሰልኝም። የመጨረሻው አበሌም ዘግይቶ ነው የመጣ። ቢሆንም ወጥ አልሠራሁም።

ሦስተኛው ሥራ የባቡሩ ነው። ከጣና በኩል መጥቶ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ፣ በአለም በር በኩል ወደ ደጋው የሚወጣ ሐዲድ ይጠና ነበር። ጥናት ነው እንጂ ሐዲድ አይደለም፤ እኔ እስከ ዛሬ ባቡር በዓይኔ አላየሁም። ብዙዎቻችን አላየንም። ካዩት አንዱ ጋሽ አምሳሉ ነበሩ፤ ዋናው ቀያሻችን።

ጋሽ አምሳሉ ቀጭን፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ናቸው። መሣሪያው ከሣጥኑ ከመውጣቱ በፊት ጫማቸውን አውልቀው አፈሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ሜዳው ዋልካ ነው፤ በበጋ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። «ይህ መሬት ይተነፍሳል» ይሉኝ ነበር። «ከላዩ የተተከለ ችካል አብሮት ይተነፍሳል። ስንጥቁ እስኪያልቅ ቆፍረሽ ትከይ።» እስከ ብብቴ ድረስ ክንዴን ከትቼ እቆፍራለሁ፤ እሳቸው ከላይ ጎንበስ ብለው «ትንሽ ቀረሽ» ይላሉ። ሁልጊዜ ትንሽ ነው የሚቀረኝ።

እያንዳንዱን ማዕዘን ሁለት ጊዜ ያነባሉ። አንዴ በመሣሪያው ግራ ፊት፣ ከዚያ ገልብጠው በቀኝ ፊት። ሁለቱ ካልተስማሙ ሦስተኛ ይነበባል፤ ፀሐይዋ ብትጠልቅም ይነበባል። በእርሳስ ይጽፋሉ፤ ላጲስ ግን አይዙም። ሲሳሳቱ አንዲት ቀጭን መስመር ይሰርዙበትና ትክክሉን ከላዩ ይጽፋሉ። እኔ አንድ ቀን ላጲስ ገዝቼ ብሰጣቸው ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት፤ ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።

አንድ ልማዳቸው ግን ያበሽቀኝ ነበር። ገበሬ መጥቶ «መስመሩ በእኔ በኩል ነው ወይ?» ሲላቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ «ገና ነው።» ዛሬም ገና ነው፤ በወሩም ገና ነው። ሰው ሊዘራ ነው፣ ሊቆፍር ነው፣ ልጁን ሊድር ነው፤ ገና ነው።

«ጋሽ አምሳሉ፣ እርስዎ እኮ ያውቁታል። ለምን አይነግሯቸውም?»

«የማውቀው የለካሁትን ነው። የሚወሰነውን አላውቅም።»

«ፈሪ ነዎት» አልኳቸው።

ሳቁ። «የሚያረጅ ቀያሽ ፈሪው ነው» አሉኝ።

ስለሚያጋድለው ባቡር የሰማሁት መኪና ውስጥ ነው። ከአለም በር ወደ ደብረ ታቦር ስንወጣ መንገዱ ኩርባ በኩርባ ነው፤ ሾፌራችን ሰይድ ደግሞ አይለዝብም። ሰይድ የወረታ ልጅ ነው፤ አባቱ ገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ አላቸው። እሱ ግን ሱቅ መቀመጥ እንደ እኔ አይሆንለትም። ከኋላ ወንበር ከበሩ ጋር ስላተም ቆይቼ «ሰይድ አቁም፣ ሊያስመልሰኝ ነው!» አልኩ።

«ይህን ያህል ጊዜ ወጥተሽበት ኩርባውን አልለመድሽውም?»

«ኩርባውንማ ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት አንተን ነው!»

ጋሽ አምሳሉ አስቆሙት። ውሃ ሰጡኝ፤ እኔ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ስተነፍስ እሳቸው አጠገቤ ቆመው ማውራት ጀመሩ። ብዙ ሲያወሩ የሰማኋቸው ያን ቀን ነው።

ወጣት ሳሉ ለሥልጠና ጃፓን ተልከው ነበር። አገሩ ተራራ ነው አሉ፤ ሐዲዱ በወንዝ ሸለቆ ውስጥ እየተጠማዘዘ ነው የሚሄድ። ባቡር ኩርባ ላይ ሲፈጥን ሰውን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ልክ እኔን ወደ በሩ እንደገፋኝ። ስለዚህ ወይ ቀስ ማለት ነው፣ ወይ ኩርባውን ማስፋት ነው። ለማስፋት ተራራው አለ፣ ወንዙ አለ፣ የሰው ቤት አለ። ጃፓኖቹ ተራራውን ማንሣት ቢያቅታቸው ባቡሩን ማጋደል አስተማሩት። በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ ረጅም መንገድ በጥቂት ፌርማታ የሚጨርስ ፈጣን ባቡር ነው። የሰው መቀመጫ ያለበት ሣጥን ከእግሩ ጋር ድርቅ ብሎ አልተያያዘም፤ ከሥሩ የሚያንከባልለው ሮለር አለው። ኩርባ ሲመጣ ሣጥኑ ወደ ውስጥ፣ አምስት ዲግሪ ገደማ ያጋድላል። በሬ ሲታጠፍ ትከሻውን እንደሚጥል ማለት ነው።

«በአንዱ ኩርባ መስኮቱ ወንዝ ብቻ ይሆናል» አሉ፤ «በሌላው ሰማይ ብቻ። አንዲት ልጅ በጋሪ ምሳ ትሸጣለች፤ በሣጥን የታሸገ ሩዝ። እንዲያ እያጋደለ እሷ ምንም ሳትይዝ ነው የምትሄደው።»

«ማንንም አያስመልሰውም?»

«የድሮዎቹ ያስመልሱ ነበር አሉ። ኩርባው ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው ዘግይተው በድንገት የሚያጋድሉት፤ ከወንበሩ ፊት ከረጢት ይሰቀል ነበር። እኔ የተሳፈርኩበት ግን መንገዱን በቃሉ ያውቃል። ኩርባው ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ቀድሞ ቀስ ብሎ ይጀምራል።»

ሰይድ አላመነም። ጋሽ አምሳሉ የምሳችንን የቆርቆሮ ሰሃን አወጡ፤ የችካል ሲባጎ በአራት በኩል አስረው እንደ ሚዛን አንጠለጠሉት፤ ሰሃኑ ላይ ውሃ የሞላ ብርጭቆ አስቀመጡ። ከመኪናው ጣሪያ እጀታ ጋር አሰሩትና «ንዳ» አሉት። ኩርባው ላይ እኛ ወደ በሩ ስንላተም ሰሃኑ ራሱ አጋደለ። ብርጭቆው ከሰሃኑ ጋር አጋደለ። ውሃው ጠብ አላለም።

«ጋሼ፣ እኔንም እንደዚህ ይስቀሉኝ» አለ ሰይድ።

እኔ ሕመሜን ረሳሁት። ያን ሰሃን እስከ ደብረ ታቦር ድረስ ዓይኔን ሳልነቅል አየሁት።

አሁን ወደ አያ ሲሳይ ልምጣ። ሜዳው አልቆ ኮረብታው በሚጀምርበት፣ ሐዲዱ ለመውጣት የሚታጠፍበት ቦታ አለ። እዚያ ሁለት አማራጭ መስመር ለክተን ነበር። ቢጫው መስመር ጠበብ ያለ ኩርባ ነው፤ የኮረብታውን ሥር፣ ድንጋያማውን መሬት ታክኮ ያልፋል፤ ማንንም አይነካም። ቀዩ ሰፊ ኩርባ ነው፤ ወደ ሜዳው ወጥቶ የስድስት ገበሬ መሬት ያቋርጣል። የአያ ሲሳይን ግን ማቋረጥ አይባልም፤ ቤታቸውን፣ ጉድጓዳቸውንና የሩዝ ማሳቸውን እንዳለ ይወስዳል።

ቀበሌው ለስድስቱ ምትክ መሬት አዘጋጀ። እስከ ኅዳር ሚካኤል የተመዘገበ ከሰፈሩ በላይ ካለው ጥቁር አፈር ይመርጣል። ያልተመዘገበ፣ ኋላ ቀዩ መስመር ከጸና፣ ከተረፈው ይወስዳል፤ የሚተርፈው ደግሞ ርብ ወንዝ ዳር ያለው ነው። እሱ ሩዝ ይይዛል፤ ቤት ግን አይይዝም፤ ክረምት ውሃ ይተኛበታል። ታዲያ ሁሉም ለምን አይመዘገብም ቢሉ፣ የተመዘገበ ሰው የድሮ መሬቱን ለቆ ነው። መስመሩ ኋላ በቢጫው ቢሄድም ማሳው አይመለስለትም፤ ለወጣቶች ይከፋፈላል። ስለዚህ ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ቀይ ነው ቢጫ?

ሚካኤል አራት ቀን ሲቀረው ዘንጌን ይዤ አያ ሲሳይ ማሳ ዳር ቆሜ ነበር። ሩዙ ቢጫ ሆኖ አንገቱን ደፍቷል፤ ለአጨዳ ደርሷል። ጋሽ አምሳሉ ሩቅ ናቸው፤ መሣሪያውን እያስተካከሉ ነው። አያ ሲሳይ የሩዙን ውሃ ከሚይዘው የአፈር ክትር ላይ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ባለቤታቸው እታለም የሺም ማጭዷን እንደያዘች ተከተለች።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፤ «ሽማግሌው ገና ነው እንጂ ሌላ ቃል አይወጣውም። አንቺ ትደብቂኛለሽ? ይህን ማሳ ያቀናሁት እኔ ነኝ። ክትሩን በእነዚህ እጆች ነው የሠራሁት። ልልቀቅ ወይስ ልቆይ?»

ገና ነው ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ናት። እኔ ግን የሆዴን የምናገር ሰው ነኝ፤ በዚያም እኮራ ነበር። «አያ ሲሳይ፣ ሰሃን አለዎት?» አልኳቸው።

እታለም የሺ ሰሃንና ብርጭቆ አመጣች። ከወገቤ ሲባጎ ፈትቼ እንዳየሁት አሰርኩት፤ ውሃ ሞላሁ። ከዚያ ክንዴን ዘርግቼ ሰሃኑን ዙሪያዬን አሽከረከርኩት። «በስመ አብ!» አለች እታለም የሺ ወደ ኋላ እየሸሸች። ሰሃኑ ተጋድሞ ዞረ፤ ስመልሰው ብርጭቆው ሙሉ ነበር።

አያ ሲሳይ ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው አዩት። «እውነትም ጠብ አላለም» አሉ።

«የሚያጋድል ባቡር አለ፤ ጃፓን። እሱ ከመጣ ሰፊ ኩርባ አያስፈልገውም፤ በጠባቡ እየፈጠነ ይሄዳል። በቢጫው፣ በድንጋዩ በኩል ማለት ነው። የእርስዎን መሬት ምን ሊያደርጉት?»

«ጃፓኖቹ ምንድን ነው የሚበሉት?»

«ሩዝ።»

«ሩዝ?» ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «ሰማሽ? ሩዝ የሚበላ ሰው የሩዝ ማሳ ላይ ብረት አያነጥፍም።»

«እሱስ እውነት ነው» አለች እሷም።

ይህ አባባል ሌላ አገር ያስቅ ይሆናል። እዚህ ግን ሩዝ ማለት ቤት የሠራ፣ ልጅ ያስተማረ ነገር ነው። ለእሳቸው ከእኔ ሰሃን የበለጠ ማስረጃ ሆነላቸው። እኔም አላረምኳቸውም፤ እንዲያውም ደስ አለኝ። የዚያን ባቡር ወሬ ነገርኳቸው እንጂ ያ ባቡር ለእኛ ይመጣል ያለኝ ማንም አልነበረም። ይህን አልነገርኳቸውም፤ በዚያች ሰዓት ለራሴም አልነገርኩትም።

ሚካኤል አለፈ። አምስቱ ተመዘገቡ። አያ ሲሳይ አልተመዘገቡም።

ውሳኔው የመጣው በየካቲት ነው። ጓያው ሲታጨድ፣ መሬቱ መሰንጠቅ ሲጀምር። የቡድን መሪያችን፣ ከእኔ ብዙ የማይበልጥ ወጣት መሐንዲስ፣ ካርታውን መኪናው ላይ ዘርግቶ በቀዩ መስመር ላይ ጣቱን አሳለፈ። «ይኸኛው ጸንቷል» አለ።

«ቢጫውስ?» አልኩ።

«ይህ መስመር በብዛት የጭነት ነው። ቢጫው ለጭነት ባቡር ይጠብበታል።»

«የሚያጋድል ቢሆንስ?»

አየኝና ሳቀ። «የጭነት ፉርጎ አያጋድልም።»

ጋሽ አምሳሉ አልሳቁም። ለምን እንደጠየቅሁ ወዲያው ገባቸው መሰለኝ። ከመኪናው ኋላ ወሰዱኝ፤ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ሰሃኑንም፣ ሩዙንም።

«ሰሃኑን ስታሽከረክሪ ውሃው አልፈሰሰም» አሉ። «እጅሽስ? እጅሽ ምን ተሰማው?»

አሰብኩ። «ይጎትተኝ ነበር። ሲባጎው ጣቴን ሊቆርጠኝ ነበር።»

«እጅሽ ሐዲዱ ነው። ማጋደሉ ለሰውየው ሆድ ነው እንጂ ለሐዲዱ አይደለም። ሐዲዱ ግፊቱን ሁሉ ይሸከማል። ባቡሩ ስላጋደለ ኩርባው አይቀልም። ጥፋቱ የእኔም ነው። ብርጭቆውን አሳየሁሽ፤ እጁን ሳላሳይሽ ቀረሁ።»

በማግስቱ አያ ሲሳይ ግቢ ቀይ ችካል ተተከለ። ዘንጉን የያዝኩት እኔ ነኝ። ከቤታቸውና ከጉድጓዳቸው መካከል ነው ነጥቡ። አረፋዋ እንቢ አለችኝ። ጋሽ አምሳሉ ከሩቅ እጃቸውን ዝቅ አደረጉልኝ፤ ቀስ በይ ማለታቸው ነው። አያ ሲሳይ የቤታቸው መቃን ላይ ተደግፈው ያዩኛል።

«ለመሆኑ ቢጫው የት ሄደ?» አሉኝ።

ቆፈርኩ። ስንጥቁ እስኪያልቅ ቆፍሬ ችካሉን መታሁት። እንደዚያ አጥብቄ የተከልኩት ችካል የለም።

ከዚያ በኋላ ነው ገበያ ላይ ያን ያሉኝ። ከገበያው በቀጥታ ጋሽ አምሳሉ ወዳረፉበት ቤት ሄድኩ። በረንዳ ላይ ተቀምጠው የመሣሪያውን ሌንስ በመሐረባቸው ይጠርጋሉ።

«ቀበሌ ሄጄ ልናገር ነው» አልኳቸው። «እኔ ነኝ ያሳሳትኳቸው ልል ነው።»

«ሠራተኛ ስለ መስመሩ ለገበሬ መናገር እንደማይችል ታውቂያለሽ። ስትቀጠሪ ፈርመሻል።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ እኔን ምን ልትጠይቂኝ መጣሽ?»

«ምንም። ዘንጉን ለሌላ ሰው የማሳየት ጊዜ እንዲኖርዎት ነው።»

መሐረባቸውን አጠፉ። «እኔም እመጣለሁ» አሉ።

የመሬት ኮሚቴው በማግስቱ ጠዋት ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ተሰበሰበ። አያ ሲሳይ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ እኔ ስገባ ወደ መስኮቱ ዞሩ። የቡድን መሪው ቀድሞ ተናገረ። ትሕትና አልጎደለውም።

«የዚህች ልጅ ቃል የመሥሪያ ቤቱ ቃል አይደለም» አለ። «ዘንግ ያዥ ናት። መሐንዲስ አይደለችም።»

ሊቀመንበሩ፣ ፂማቸውን በጣታቸው የሚያበጥሩ ሽማግሌ፣ እሱንና እኔን በየተራ አዩን። ሁለታችንም ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰናል።

«ገበሬው በምን ይለያችሁ ልጄ?» አሉት። «ሰደርያችሁ አንድ ነው።»

ሰው ሳቀ። እሱም ፈገግ አለ።

እኔ ተነሥቼ የሆነውን እንዳለ ተናገርኩ። ሰሃኑ ጋ ስደርስ አንዱ የኮሚቴ አባል «እስቲ አሳይን» አለኝ። «አላሳይም» አልኩት። «እሱ ነው ጉዱን ያመጣው።» ጋሽ አምሳሉም ተነሥተው ነገሩን ለእኔ የነገሩኝ እሳቸው መሆናቸውን፣ የነገሩኝም ጎደሎ መሆኑን አስመዘገቡ።

ሊቀመንበሩ ከአባላቱ ጋር ተማከሩ። ከላይኛው ጥቁር አፈር አንድ ለመጠባበቂያ የተያዘ ማሳ አለ አሉ። ለአያ ሲሳይ ሊሰጥ ይችላል፤ ግን ዝም ብሎ ከተሰጠ ነገ ሌላውም ሰው እየመጣ ይጠይቃል። «የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ገበሬውን አሳስታለች የሚል ደብዳቤ፣ ማኅተም ያለበት፣ ይምጣልን። ያኔ ከኅዳር ሚካኤል በፊት እንደተመዘገበ እንቆጥረዋለን።»

የቡድን መሪው ወደ ውጭ ጠራኝ። ከባሕር ዛፉ ሥር ቆምን።

«ያን ደብዳቤ ከጻፍኩ አንቺን ማቆየት አልችልም» አለኝ። «ሌላም የቅየሳ ሥራ ስምሽን አይተው አይወስዱሽም። ካልጻፍኩ ግን በወር ውስጥ ወደ ሌላ ጣቢያ አዛውርሻለሁ። አያ ሲሳይ ርብ ዳር መሬት አላቸው፤ ባዶ እጃቸውን አልቀሩም።»

«ክረምት የት ሊተኙ ነው?»

«እሱ የእኛ ሥራ አይደለም።»

ክፉ ሰው አይደለም። እውነቱን ነው የነገረኝ። የሚቀጥለው ጣቢያ ደጋው ላይ ነበር፤ ገደሉ፣ ዋሻ የሚፈለፈልበት ቦታ። ጋሽ አምሳሉ መሣሪያውን ሊያስይዙኝ፣ እኔ ራሴ በግራ ፊትና በቀኝ ፊት ላነብ ቃል ገብተውልኝ ነበር። ለዚያ ነበር ዓመቱን ሁሉ ስጠብቅ የነበረው። ለማንም አልነገርኩም እንጂ ማታ ማታ ደብተራቸውን ተውሼ ማዕዘን አሰላ ነበር።

«ጻፈው» አልኩት።

«ነገ አስቢበትና…»

«ነገ ኮሚቴው የለም። አሁን ጻፈው።»

ጽፎ አመጣ። ሊቀመንበሩ ጮክ ብለው አነበቡት፤ ስሜንም ከነአባቴ ጠሩ። «ያለው እውነት ነው?» አሉኝ። «እውነት ነው» አልኩና ፈረምኩ። ከእኔ ቀጥሎ አያ ሲሳይ ተነሡ፤ ብዕሩን ተቀብለው ቀስ ብለው፣ አንድ አንዱን ፊደል እየለቀሙ ስማቸውን ጻፉ። ጸሐፊው ማኅተሙን ተነፈሰበትና ሁለቴ መታው።

አያ ሲሳይ ቀና ብለው አዩኝ። ከገበያው ወዲህ ዓይን ለዓይን ስንተያይ የመጀመሪያችን ነው።

«ክትሩን እንግዲህ ከመጀመሪያ ልሠራ ነው» አሉ።

«አዎ።»

«ሰኔ ከመግባቱ በፊት ማለቅ አለበት።»

«አዎ፣ አያ ሲሳይ።»

ሰደርያዬን አውልቄ አጣጥፌ ለቡድን መሪው ሰጠሁት። ጋሽ አምሳሉ ወደ በሩ ሸኙኝ፤ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። ሰይድ መኪናውን አስነሥቶ «ግቢ፣ ላድርስሽ» አለኝ። በእግሬ እሄዳለሁ አልኩት፤ የቀበሌውን አጥር አልፌ ወደ ወረታ የሚወስደውን መንገድ ያዝኩ።